ሰው ሁሉ ካሜራ ሲያይ ድርቅ ካለ፦ የዶክመንተሪ ሰርግ ፎቶ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የዶክመንተሪ ሰርግ ፎቶ «ወደዚህ ዙሩ፣ ሳቁ» ሳይባል የሆነውን እንደሆነ ማንሳት ነው። ፎቶዎቹ ሕይወት ሲያጡ ብዙ ጊዜ «ሙሽሮቹ ፎቶ አይወዱም» ወይም «ካሜራው አርጅቷል» ይባላል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ ብታዩ ግን አብዛኛው ጥፋት ያለው ፎቶ አንሺው የቆመበት ቦታና ካሜራውን ያነሳበት ቅጽበት ላይ ነው።

ሰዎቹ ካሜራውን ያያሉ፣ ወይም ድርቅ ብለዋል

መጀመሪያ ምን እንዳጋለጣችሁ ለዩ። ከተከታታይ ፎቶዎች የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ላይ ሁሉም ከዞሩ፣ ያጋለጣችሁ የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ድምፅ ነው። ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ ደርቀው ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ እንቅስቃሴ ነው። ደረት ላይ ተንጠልጥሎ የቆየ ካሜራ ድንገት ወደ ዓይን ሲወጣ፣ ያየው ሰው ሁሉ ለመነሳት ይዘጋጃል።

ለእንቅስቃሴው መፍትሄው መላመድ ነው። ሙሽሮቹ የሚለብሱበት ክፍል ሥራው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ግቡ። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ጫማውን፣ ቀሚሱን፣ የመስኮቱን ብርሃን አንሱ፤ ፎቶዎቹ ባያስፈልጉ እንኳ ሰዎቹ ካሜራ ዓይን ላይ ሆኖ ማየትን ይለምዳሉ። አንድ ሰው ሌንሱን ካየ አትደንግጡ፣ ካሜራውንም ቶሎ አታውርዱ። ፈገግ ብላችሁ ባላችሁበት ቆዩ፤ ጥቂት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቀት ላይ በ35 ሚሊሜትር ሌንስ መሥራት፣ ጥግ ይዞ ከሩቅ በሚያቀርብ የ70-200 ሚሊሜትር ሌንስ ከማነጣጠር ይሻላል። ረጅሙ ሌንስ ይደብቀናል የሚሉ አሉ፤ እንደ መድፍ የተደገነ ሌንስ ግን ከማንም ዓይን አያመልጥም፣ ፎቶውም የሩቅ ተመልካች ፎቶ ይሆናል።

ለድምፁ መፍትሄው ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ነው፤ እሱ ግን የራሱን ጣጣ ያመጣል። በኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ሸንተረሮች ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው፦ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) መስመር በመስመር ሲያነብ መብራቱ ይርገበገባል። የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ሹተር ስፒዱን (ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 1/125 ወይም 1/60 አድርጉ። በዚህም ካልጠፋ ወደ ሜካኒካል ሹተር ተመለሱ። አንዳንድ የመድረክ መብራቶች በኤሌክትሪክ መስመሩ ፍጥነት አይገዙም።

አሁንም ከደረቁ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ሊሆን ይችላል። እናት የቀሚሱን ቁልፍ ልትቆልፍ ከሆነ ከመጀመሯ በፊት «መስኮቱ አጠገብ ቢሆን» ማለት ነውር የለውም። ቆልፋ ከጨረሰች በኋላ «ድገሚው» ማለት ግን ትወና ነው፤ ዓይኗ ላይ ይታወቃል።

የምትደርሱት ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው

አይቶ መጫን ሁልጊዜ ይዘገያል፤ መገመት ያስፈልጋል። አባት ከወረቀት እያነበበ ንግግር ሲያደርግ ልብ ብላችሁ እዩት። ወረቀቱ ዝቅ ይላል፣ ማይኩ ከአፉ ትንሽ ይርቃል፣ ቀና ብሎ ልጁን ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ሌንሱ ልጅቷ ላይ መሆን አለበት፤ እንባው የሚመጣው እዚያ ነው። የተናጋሪውን ፎቶ በሌላ ደቂቃ ታገኙታላችሁ።

የካሜራው ሴቲንግም ያዘገያል። በራሱ የሚጠፋበትን ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ አርዝሙት፣ ካነሳችሁ በኋላ ፎቶው ስክሪኑ ላይ እንዳይመጣ ዝጉት፣ ፎከሱን ተከታታይ (ሰው ሲንቀሳቀስ የሚከተል) አድርጉት። በአንድ ትንፋሽ ከ3 እስከ 5 ፎቶ ይበቃል። 20 እና 30 ካነሳችሁ ቡፈሩ (የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ) ሊሞላና ካሜራው ልክ በመሳሳሙ ሰዓት ሊቆም ይችላል።

ፎቶው ብዥ ብሏል

100 ፐርሰንት አጉሉና እዩ። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ከደበዘዘ የእጃችሁ መንቀጥቀጥ ነው። ከኋላ ያለው ጥርት ብሎ የሰውየው እጅና ፊት ብቻ ተጎትተው ከደበዘዙ ሰውየው ተንቀሳቅሷል። ጆሮው ጥርት ብሎ ዓይኑ ከደበዘዘ ፎከስ ስቷል።

ለእንቅስቃሴ፦ ሹተር ስፒዱ ቆሞ ለሚናገር 1/160፣ ለሚራመድ 1/250፣ ለሚጨፍር 1/500። የካሜራው ማረጋጊያ የእናንተን እጅ እንጂ የጨፋሪውን እግር አያቆምም። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ አድርጋችሁ ዝቅተኛውን ሹተር ስፒድ ወስኑለት፤ 6400 ቢደርስም አትፍሩ። ዝቅ ባለ አይኤስኦ ጨልሞ ተነስቶ ኮምፒውተር ላይ ብርሃን የተጨመረበት ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ የባሰ ይሻክራል።

ለፎከስ፦ በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ፣ በ2 ሜትር ርቀት፣ 85 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል) ጥርት የሚያደርገው ከፊት ወደ ኋላ 6 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። 35 ሚሊሜትር በኤፍ 2.8 ግን ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። ሁለት ሰዎች ሲተቃቀፉ ፊታቸው በአንድ መስመር ላይ አይሆንም፤ ስለዚህ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4።

ነጩ ቀሚስ ግራጫ፣ ወይም ባዶ ነጭ ሆነ

የካሜራው የብርሃን ልኬት ነጩን ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ቀሚሱ ፍሬሙን ሲሞላ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ጥቁር ሱፍ ሲሞላው ደግሞ ቀንሱ፣ አለበለዚያ አጠገቡ ያለው ቀሚስ ፎቶው ላይ ባዶ ነጭ ይሆናል። ጥለቱ አንዴ ከጠፋ ሮው ፋይልም (ካሜራው ያነበበውን ሁሉ ሳይቀንስ የሚይዝ ፋይል) አያድነውም።

ፊት ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ

የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ተደባልቋል። አስፈቅዳችሁ አምፖሉን አጥፉ። ጭፈራው ላይ ወይን ጠጅ መብራት ፊት ከሸፈነ ፍላሹን ወደ ነጭ ጣሪያ አዙሩት፤ ጣሪያው ጥቁር ወይም በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ግን ባትሪ ማባከን ነው።

እያንዳንዱ ፎቶ ጥሩ ነው፣ ቀኑ ግን አይታይም

ሁሉም ከአንድ ርቀትና ከቁመታችሁ ልክ ተነስተዋል ማለት ነው። በየክፍሉ ቦታውን የሚያሳይ ሰፊ፣ ሁለት ሦስት ሰው የያዘ መካከለኛ፣ እጅ ወይም ፊት ብቻ የያዘ ቅርብ ፎቶ ውሰዱ። ልጆችን በርከክ ብላችሁ አንሱ። ከራስ ላይ የበቀለ የሚመስል ምሰሶ ካለ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይበቃል።

በሁለት ካሜራ ተነስቶ ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ሰዓቶቻቸው አልገጠሙም። ጠዋት ሁለቱንም አስተካክሉ፤ ከረሳችሁ በሁለቱም ካሜራ አንድ የስልክ ሰዓት አንሱና ልዩነቱን ማረሚያ ሶፍትዌሩ ላይ በአንድ ጊዜ አስተካክሉት።