ሰብሉ ቢጫ ሆነ፤ ዩሪያ ልጨምር?

ክረምቱ ሲገፋ በደቡብ ወሎ በቃሉ ወረዳና በደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ዘንድ ይህ ጥያቄ ይበዛል። መልሱ ያለው ከመጠኑ በፊት ቅጠሉ ላይ ነው። ወደ ማሳው መሃል ግቡና የትኛው ቅጠል እንደታመመ እዩ። ዳር ላይ ያለውን ተክል አትመኑት፤ ከብት የቆመበትና ጎርፍ ያለፈበት ስለሆነ ያሳስታል።

የታችኛው ቅጠል ቢጫ፣ የላይኛው አረንጓዴ ከሆነ

የናይትሮጅን እጥረት ነው። ተክሉ ለአዲሱ ቅጠል የሚሆነውን ከአሮጌው ላይ እየወሰደ ነው። በበቆሎና በማሽላ ቢጫው ከጫፍ ተነስቶ የቅጠሉን የመሃል ጅማት ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ጨምሩበት ከማለቴ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ያደረጋችሁት ዩሪያ የት ሄደ? ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። እርጥብ መሬት ላይ ተበትኖ አፈር ካልለበሰ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይተንናል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት በመሆኗ ብክነቱ እዚያ ይብሳል። ስለዚህ አንዱን ክፍል በዘር ወቅት፣ የቀረውን ሰብሉ ጉልበት ሲደርስ ስጡ። ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ጨምሩና በኩትኳቶ ወይም በሽልሻሎ (በመስመሮቹ መካከል በበሬ በማረስ) ወዲያው አፈር አልብሱት። ጤዛ ያለበት ቅጠል ላይ ከወደቀ ያቃጥላል።

ማሳው ዋልካ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላ አፈር) ሆኖ ውሃ ከተኛበት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኗል፤ ናይትሮጅኑም በጋዝ መልክ ይጠፋል። በቦርከና ወንዝ ዳር ባሉ ሜዳማ ማሳዎች መጀመሪያ ቦይ ቅደዱ፤ ውሃው ሳይወጣ ዩሪያ መጨመር ገንዘብን ጭቃ ውስጥ መቅበር ነው።

አዲሱ ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ከሆነ

ሰልፈርን ጠርጥሩ። ኤንፒኤስ በተባለው ማዳበሪያ ውስጥ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ሰልፈር አለ። ዳፕ በተባለው ማዳበሪያ ውስጥ ግን ሰልፈር የለም።

ቅጠሉ ወይን ጠጅ ከሆነ

ተክሉ ቀጭጮ የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ ወይን ጠጅ ሲመስል ፎስፈረስ አንሶታል። ፎስፈረሱን የያዘው ፎስፌት አፈር ውስጥ ከወደቀበት ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ሥሩ ራሱ ሄዶ ሊያገኘው ይገባል። ስለዚህ በዘር ቀን በመስመሩ ውስጥ ይገባል፤ ዘሩን እንዳያቃጥለው በመካከላቸው አፈር ይሁን። ዘግይቶ ላዩ ላይ የተበተነ ፎስፌት ለዘንድሮ ሰብል እምብዛም አይደርስም። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነችው ደሴና በዙሪያዋ ቡቃያው በብርድ ብቻም ይቀላል፤ መሬቱ ሲሞቅና ሥሩ ሲያድግ ይለቀዋል። ግንዳቸው በተፈጥሮ ቀይ የሆነ የማሽላ ዝርያዎችም ስላሉ ቅጠሉን እንጂ ግንዱን አትዩ።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ማሽላው እዚህም እዚያም ከጠወለገ

እግሩ ሥር ሐምራዊ አበባ ያላት አረም ካያችሁ አቀንጭራ ናት። የማሽላውን ሥር ትጠባለች፤ ከአፈር ከመውጣቷ በፊትም ብዙ ጎድታለች። አበባ ሳታወጣ ንቀሏት፤ ዘሯ ደቃቅ ነው፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። የደከመ መሬት ስለሚመቻት ፍግና ናይትሮጅን ያዳክማታል። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንደ ጎቢዬና አብሽር ያሉ የሚቋቋሟትን ዝርያዎች ጠይቁ።

ባቄላ ቢጫ ከሆነ

ዩሪያ አትጨምሩ። አንድ ተክል በጥንቃቄ ነቅላችሁ በሥሩ ላይ ካሉት ትንንሽ እባጮች አንዱን በጥፍራችሁ ክፈቱ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ከአየር እየሰበሰበ ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጭ ከሌለ፣ በመጪው ዘር ላይ ለባቄላ የተዘጋጀውን ሕያው ማዳበሪያ (ይህንኑ ባክቴሪያ የያዘውን) ለውሱ፤ ፎስፌቱንም አትርሱ።

ጤፉ ጠቁሮ አረንጓዴ ሆኖ ከጋሸበ

ናይትሮጅን በዝቶበታል። ለዘንድሮ መላ የለውም።

ዩሪያው ጆንያ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ

እርጥበት ስቦ ነው እንጂ ኃይሉን አላጣም፤ ሰባብራችሁ ተጠቀሙበት። ጆንያውን ከግድግዳ አርቃችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡ። ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አንድ እፍኝ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ። ንጹሕ ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ብርጭቆውም እጅ ላይ ይቀዘቅዛል። ከታች አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ ከቀረ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ወደ ገዛችሁበት ማኅበር ተመለሱ።