የሸረሪት ድር በደንብ ማየት ለምትፈልጉ

ጅማ ላይ ጓሮው ቡና ወይም አቮካዶ ያለው ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ውጡ። ፀሐይ ጠንከር ካለች ክሩ ከዓይን ይጠፋል።

ዋናው ዘዴ ጥቁር ጨርቅ ነው። ድሩን ሳይነካ፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ ሰው ከኋላ ይያዝላችሁ። ክሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ በስልክ ለማንሳትም ይቀላል። ጤዛ ከሌለ ውሃ በስሱ እርጩበት። ብዙ ከሆነ ግን ድሩ ይበጠሳል።

ከዚያ ክሮቹን ለዩ። ከመሀል ወደ ዳር የተዘረጉት አይጣበቁም፤ ሸረሪቷ በብዛት የምትረማመደው በእነሱ ላይ ነው። ዙሪያውን የሚጠመዘዘው ክር ነው የሚያጣብቀው። በአጉሊ መነጽር ስታዩት እንደ ጨሌ የተደረደሩ የሙጫ ጠብታዎች አሉት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ስንት ጊዜ አይቼው አልሰለቸኝም!

ሸረሪቷን መሀል ላይ፣ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ ታገኟታላችሁ። ስትጠጉ ቀስ በሉ፤ አትተንፍሱባት። ንዝረት ከተሰማት በክር ወርዳ ቅጠል ውስጥ ልትደበቅ ትችላለች። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ በእጃቸው እንዳይነኳት አደራ።