ሠራተኛ በስልካችሁ ፈልጋችሁ እንዴት ታጣራላችሁ?

ደብረ ብርሃን ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላችሁ እንበል። ሒሳብ የሚይዝ ሰው ትፈልጋላችሁ። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ብትለቁ ሲቪ እንደ ጉድ ይጎርፋል። አበሳው ማጣራቱ ላይ ነው። እንዲህ አድርጉ።

1. ማስታወቂያውን ሳትሸፋፍኑ ጻፉ

ደመወዙን በቁጥር አስቀምጡ። «በስምምነት» ብላችሁ ካለፋችሁት፣ ስንት ተለፍቶ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲደረስ «በዚህስ አልሠራም» ይመጣል። ቅዳሜ ሥራ ካለ፣ ዋስ የምትጠይቁ ከሆነ፣ እሱንም ከወዲሁ ንገሩ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ለሚመጣ ሰው የደብረ ብርሃንን ብርድ ብትነግሩትም አይከፋም። ምዝገባው በነፃ መሆኑንም አትርሱ፤ በቴሌብር «የመመዝገቢያ» የሚቀበል አጭበርባሪ ስላለ ሥራ ፈላጊው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የት ይለጠፍ? ልምድ ላለው ባለሙያ ኢትዮጆብስን የመሰሉ ድረ ገጾች ይሆናሉ። ለሽያጭ፣ ለሹፌርና ለመጋዘን ሠራተኛ ግን የከተማው ቴሌግራም ግሩፕ ይሻላል።

2. ከሲቪ በፊት ፎርም አስሞሉ

ጎግል ፎርም ነፃ ነው፤ መልሱም ራሱ ሠንጠረዥ ላይ ይገባል። ስም ከነአያት፣ ስልክ፣ አሁን የሚኖሩበት ከተማ፣ የልምድ ዓመት፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚህ ብዙ አትለፉ።

የምረቃ ዓመት ስትጠይቁ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ። አንዱ 2010 ሲል ሌላው 2018 ይላል፣ ሁለቱ ግን የአንድ ዓመት ተመራቂዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሳታዩ ካጣራችሁ ጥሩ ሰው በከንቱ ይወድቅባችኋል።

ፎርሙ ላይ ፋይል እንዲያያዝ ካደረጋችሁ ጎግል የጂሜይል አካውንት ይጠይቃል። ፓስወርዱን የረሳ አመልካች እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማስረጃውን ኋላ ላይ፣ ያለፉት ብቻ በቴሌግራም ይላኩ። የመታወቂያ ኮፒና የፋይዳ ቁጥር ለዚህ ደረጃ አያስፈልግም። ለሰው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶለታል፤ የማያስፈልጋችሁን አትሰብስቡ።

3. በሠንጠረዡ ለዩ

ድግግሞሽን በስልክ ቁጥር አጣሩ። ስም አያስተማምንም፤ ያው ሰው አንዴ በሀ፣ አንዴ በሐ ይጽፈዋል። ከዚያ የግድ የሚያስፈልጓችሁን ሁለት ሦስት መስፈርቶች ብቻ ይዛችሁ ፊልተር አድርጉ። የሲቪ ማማር አያታልላችሁ፣ ፎቶ ቤትም ይሠራል።

4. ትንሽ ሥራ ስጡ

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ነው። የሦስት ደረሰኝ ፎቶ ላኩና ኤክሴል ላይ አስመዝግቡ። አንዱ ላይ ሆን ብላችሁ ስህተት ክተቱ። ለምሳሌ ዋጋው 8,400 ብር ከሆነ 15 በመቶ ቫቱ 1,260 ነው። እናንተ 1,620 ብላችሁ፣ ድምሩን 10,020 አድርጉት። ያየውን እንዳለ ገልብጦ የሚልክ አለ። ዝም ብሎ 9,660 የሚያደርግ አለ። «ቫቱ ላይ ቁጥር ተገላብጧል፣ ላስተካክል ወይስ ደረሰኙ ይመለስ?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ዲግሪው ምንም ይሁን፣ ይሄኛውን ጥሩት። ፈተናው ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ የመደብሩን እውነተኛ ሒሳብ በነፃ ማሠራት ግን ነውር ነው።

5. ደውሉ፣ ከዚያ ጥሩ

ከመሐል ሜዳ ሰው ጠርታችሁ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ መጥቶ፣ በአምስት ደቂቃ «እንደውልልሃለን» ማለት አይገባም። መጀመሪያ በስልክ አዋሩ። ቤት ተከራይተው ይኖራሉ ወይስ ይመላለሳሉ? መቼ መጀመር ይችላሉ? አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ «እየተመላለስኩ እሠራለሁ» የሚል ካለ ደግማችሁ ጠይቁት።

የሥራ ልምዱን ስታረጋግጡ ሲቪው ላይ ያለውን ስልክ ብቻ አትመኑ፤ የድርጅቱን ቁጥር ራሳችሁ ፈልጉ። አሁን የሚሠሩበት ቦታ ግን ሳታስፈቅዷቸው አትደውሉ፣ እንጀራቸውን ልታሳጧቸው ትችላላችሁ።

የመረጣችሁትን ሰው በሙከራ ከጀመራችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሙከራው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ላልተመረጡትም አጭር መልእክት ላኩ፤ ሁለተኛ የወጣው ሰው በሙከራው መሀል ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።