የዋሽንግተንን የቼሪ አበባ ለማየት ላሰባችሁ

ዘመድ ጥየቃ ወደ ዲሲ የምትመጡ ከሆነ፣ ጉዞውን ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ታይዳል ቤዚን በሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት የቼሪ ዛፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈኩት ያኔ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ ከመጡት 3,020 ዛፎች ጥቂቶቹ ዛሬም እዚያው ቆመው ያብባሉ።

ሕዝቡ ግን አይጣል ነው! ቅዳሜና እሁድ ከረፋዱ ጀምሮ መተላለፊያ የለም። ስለዚህ በሥራ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ድረሱ። ነፋስ ከሌለ ውሃው እንደ መስታወት ረግቶ አበባው ቁልጭ ብሎ ይታይበታል፤ ፎቶም የሚያምረው ያን ሰዓት ነው። ጠዋት ስለሚበርድ እናት አባቶቻችሁን ደህና አልብሷቸው። መኪናውን ቤት ተዉት፤ ማቆሚያ ስትፈልጉ ጠዋቱ ያልፋል። በከተማው ባቡር በሜትሮ መጥታችሁ ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ። የሐይቁ ዙሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ቅርንጫፍ መስበርም ሆነ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው፤ ልጆቹን አደራ።

ዘግይታችሁ ከደረሳችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ክዋንዛን የሚባለው ድርብርብ ሮዝ አበባ የሚፈካው ከሌሎቹ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። እሱን ለማየት ሄይንስ ፖይንት ወደሚባለው የወንዝ ዳር መናፈሻ ዝለቁ፤ እዚያ ሰውም ቀለል ይላል።