ባላራትን በእግር ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባላራት ከሜልበርን በስተ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ወርቅ የወለዳት የአውስትራሊያ ከተማ ናት። በኦገስት 1851 በአካባቢው ወርቅ መገኘቱ ሲሰማ፣ በግ ይሰማራበት የነበረው ሸለቆ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንኳን ተሞላ። በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈሮች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከፉትስክሬይ ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይበልጥ እንደርሳለን፤ ስለዚህ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ይዤ እሄዳለሁ። ከተማዋን እወዳታለሁ። ሰው እዚያ ድረስ ደክሞ ሄዶ ሳያያት ሲመለስ ያሳዝነኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሶቨረን ሂልን አሮጌው ከተማ ነው ብሎ ማሰብ

ሶቨረን ሂል በ1970 የተከፈተ፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሙዚየም ነው። ቤቶቹ የ1850ዎቹን መንደር እንዲመስሉ ተደርገው እንደገና የተሠሩ ናቸው፤ ሠራተኞቹ የዘመኑን ልብስ ይለብሳሉ፣ ጎብኚዎች በሳህን አሸዋ እያጠቡ የወርቅ ብናኝ ይፈልጋሉ። ልጆች ይዘው ከሆነ አይቅርብዎ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ እውነተኛው ከተማ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ የሞከረ አንዱንም በቅጡ አያየውም።

ከላይኛው ከተማ ሳይወርዱ መመለስ

ይህ ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ነው፤ እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ሠርቼዋለሁ። ባቡር ጣቢያው ላይድያርድ ስትሪት ላይ ነው። ከጣቢያው ወጥተው ወደ ደቡብ ሲያዘግሙ በ1890 የተከፈተውን የሥዕል ጋለሪ፣ የማዕድን አክሲዮን ይሸጥበት የነበረውን ማይኒንግ ኤክስቼንጅ፣ ክሬይግስ ሆቴልንና በ1875 የተሠራውን ሐር ማጀስቲስ ቴአትር ያገኛሉ። ሁሉም የተቀራረቡ ናቸው፣ ሁሉም ያምራሉ። ሰው ፎቶውን አንስቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ባላራትን አየሁ ብሎ ይሳፈራል።

ያየው ግን የመንግሥቱን ከተማ ነው። ከፍታው ላይ ያለውን ይህን ክፍል መንግሥት በቀያሽ አስለክቶ አቆመው፤ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። የመንገዶቹን ስም ልብ ይበሉ፦ ላይድያርድ፣ ስተርት፣ አርምስትሮንግ፣ ዳና፣ ዶቭተን። የፖሊስ አዛዦችና ቆፋሪውን የመቆፈሪያ ፈቃድ የሚያስከፍሉት የወርቅ ኮሚሽነሮች ስም ነው።

አሁን በስተርት ስትሪት ቁልቁል ወደ ምሥራቅ ይውረዱ። ብሪጅ ስትሪት ሲደርሱ ያሮዊ የተባለው ወንዝ ከእግርዎ በታች በተሸፈነ ቦይ ውስጥ እያለፈ ነው። ከዚያ ወዲያ ሜይን ሮድ ይጀምራል፤ መንገዱም መጠማዘዝ ይጀምራል። ይህን የቀየሰው ባለሥልጣን የለም። ቆፋሪዎች በጉድጓድና በድንኳን መካከል እየተሹለኮለኩ ሲመላለሱ በእግራቸው ያወጡት መንገድ ነው። በወርቁ ዘመን ዋናው ገበያ እዚህ ነበር፤ ቤቶቹ የእንጨትና የሸራ ስለ ነበሩ እሳት ደጋግሞ በላቸው፣ ጎርፍም አላስቀምጥ አለ፣ ንግዱም ቀስ በቀስ ወደ ከፍታው ሸሸ። በዚሁ በታችኛው ክፍል ሐምፍሬይ የሚባል ጎዳና አለ፤ ስሙ የቆፋሪዎቹ የተሐድሶ ማኅበር ጸሐፊ የነበረውና በዚህ ፈቃድ ላይ የተነሣው ትግል በሰላም እንዲካሄድ የተከራከረው የጆን ባሰን ሐምፍሬይ ነው። ላይኛው ከተማ ፈቃድ ጠያቂዎቹን፣ ታችኛው ፈቃድ የተጠየቁትን ያስታውሳል።

የእግረኛ መንገዱን ድንጋይ ሳያዩ ማለፍ

ሁሉም ቀና ብሎ ሰገነትና ዓምድ ያያል። እርስዎ አንድ ጊዜ ጎንበስ ይበሉና በመንገዱ ዳር ያለውን የውሃ መውረጃ ይመልከቱ። ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ እጅዎን ቢያስነኩት እንደ እኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ጥቃቅን ቀዳዳ ይሰማዎታል። እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልት ነው። የባላራት ታሪክ በሙሉ ከዚህ ድንጋይ ሥር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በጥንት ዘመን ወንዞች ወርቁን ከኮረብታ አጥበው አወረዱት፤ ኋላ ቅልጥ ድንጋዩ ፈስሶ እነዚያን ወንዞች ከነወርቃቸው ቀበራቸው። መጀመሪያ የመጡት ቆፋሪዎች ከላይ ያለውን በሳህን እያጠቡ ወሰዱ። እሱ ሲያልቅ የተቀበረውን ወንዝ ለማግኘት አሥርም ሃምሳም ሜትር መቆፈር መጣ። ውሃ በሚንጠባጠብበት ጉድጓድ፣ ግድግዳውን በእንጨት ሳንቃ እየደገፉ፣ ወራት ይፈጃል፤ መጨረሻውም ባዶ ሊሆን ይችላል። በ1858 ቤከሪ ሂል ላይ የወጣው፣ 69 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው «ዌልካም ነጌት» የተባለው ድፍን ወርቅ የተገኘው ከ55 ሜትር ጥልቀት ነው።

መንግሥት ግን ወርቅ አገኙም አላገኙም የፈቃድ ክፍያ ያስከፍል ነበር፤ መጀመሪያ በየወሩ 30 ሽልንግ ነበር። ፖሊስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ፈቃድ ፍተሻ እየወጣ ያስሳል፤ ጭቃ ለብሶ ከጉድጓድ የወጣውን ሰው «ወረቀትህ የታለ?» ይለዋል፤ ያልያዘ ይታሰራል። ቆፋሪዎቹ በዚህ ፈቃድ ተማረው ወዳመጹበት ወደ ዩሬካ ከመሄድዎ በፊት ይህን ይያዙ፤ ያለዚያ እዚያ የሆነው ነገር አይገባዎትም።

ዩሬካ ላይ ምሽግ መፈለግ

ብዙ ሰው የድንጋይ ግንብ ጠብቆ ይመጣና ሣርና ዛፍ ሲያይ ቅር ይለዋል። ምሽጉ መጀመሪያውኑ በችኮላ የቆመ አጥር ነበር፦ የተገለበጠ ጋሪና ያው የጉድጓድ መደገፊያ ሳንቃ። በዲሴምበር 3 ቀን 1854፣ እሑድ ጎሕ ሳይቀድ፣ 300 የሚጠጉ ወታደሮችና ፖሊሶች መጡበት፤ አብዛኞቹ ቆፋሪዎች ቅዳሜ ማታ ወደየድንኳናቸው ሄደው ነበር። ውጊያው ከሩብ ሰዓት ብዙም አልዘለቀም። ከቆፋሪዎቹ ቢያንስ 22 ሞቱ። መሪያቸው ፒተር ላለር ግራ ክንዱን አጣ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን የምክር ቤት አባል ሆነ፣ ኋላም አፈ ጉባኤ።

በዩሬካ ማዕከል ውስጥ ሰንደቅ ዓላማቸው አለ። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ገብተው አይውጡ። ክፍሉ ደብዛዛ ነው፤ ዓይንዎ እስኪለምድ ይቀመጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የደበዘዘው ሰማያዊ ሱፍ፣ ነጩ መስቀልና አምስቱ ከዋክብት፣ ከዚያም የተቦጨቀው ዳር ይታይዎታል። ሲሶ የሚጠጋው ጨርቅ የለም። ያወረደው ጆን ኪንግ የተባለ ፖሊስ ነው፤ ሰዎች ለማስታወሻ እያሉ ቆራርሰው ወሰዱ፣ የቀረውን ቤተሰቡ አቆይቶ በ1895 ለከተማው ጋለሪ አዋሰ። ያንን ክፍተት ሳየው ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

በአገር ክህደት ከተከሰሱት 13 ሰዎች አንዱ ጆን ጆሴፍ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በፌብሩዋሪ 1855፣ በእኛ አገር ደጃዝማች ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡበት በዚያው ወር፣ ከሁሉም ቀድሞ ነጻ ወጣ፤ ሕዝቡም በወንበር ተሸክሞ በሜልበርን ጎዳናዎች አዞረው። ሌሎቹም ተራ በተራ ነጻ ወጡ። እንግዶቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

ታሪኩን ከወርቁ መጀመር

ቦታው ባዶ አልነበረም። የዋዳውሩንግ ሕዝብ አገር ነው፤ የከተማዋ ስም ራሱ ከቋንቋቸው የመጣ ሲሆን ማረፊያ ስፍራ ማለት ነው ይባላል። ስለ እነሱ ሳይጠይቁ መሄድ ባለቤቱን ሳይጠሩ ቤት እንደ መግባት ይቆጠራል።

አሮጌውን መቃብር መዝለል

ርቆ ስለሚታይ ይተውታል። የሞቱት ቆፋሪዎች ሐውልትና የሞቱት ወታደሮች ሐውልት በአንድ ግቢ ውስጥ ነው ያለው፤ ሁለቱንም ይዩ። የቻይናውያን መቃብርም እዚያው አለ። ባላራት ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት በ1855 በመርከብ በሚመጣ በያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ቀረጥ ስለጣለች፣ ብዙዎቹ በጎረቤት ግዛት ሮብ ወደብ ወርደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት።

በስስ ልብስ መሄድ

ባላራት ከሜልበርን ከፍ ትላለች፣ ነፋሷም ይጋረፋል። ጃኬትና የለመዱት ጫማ ይዘው ይሂዱ። ይኸው ነው።

ያለ ፈቃድ ወርቅ መፈለግ

በጫካው ዳር የወርቅ መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ሲያዩ እርስዎም መሞከር ያምርዎት ይሆናል። መጀመሪያ ለአሥር ዓመት የሚያገለግለውን ፈቃድ ይግዙ፤ ቢገዙም በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። ከዩሬካ በኋላ የወር ክፍያው ቀርቶ በዓመት አንድ ፓውንድ የሚከፈልበት፣ ለያዘው ሰው የመምረጥ መብት ጭምር የሚሰጥ አዲስ ወረቀት ወጥቶ ነበር። ስሙን «የቆፋሪ መብት» አሉት። ዛሬ የሚገዙት ወረቀት ላይ የተጻፈውም ይኸው ስም ነው።