አስይዛችሁም በር ላይ ስትቆሙ፦ የመዝናኛ ፓርክ ምግብ ቤቶች ችግርና መፍትሄ

በሰዓታችሁ ደርሳችሁ ጠረጴዛ የለም ተባላችሁ። ብዙ ሰው ያስያዘው ጠረጴዛ ባዶውን ሆኖ የሚጠብቀው ይመስለዋል። በትልልቆቹ ፓርኮች እንደዚያ አይደለም። ፍሎሪዳ ባለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለምሳሌ፣ ያስያዘ ሰው የሚሰጠው ቀጥሎ የሚለቀቀው ጠረጴዛ ነው። ከእናንተ በፊት የገባው ቤተሰብ ኬክ አዝዞ ፎቶ መነሳት ከጀመረ ጠብቁ ማለት ነው።

መፍትሄው ቀደም ብሎ ደርሶ መመዝገብ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በሩ አጠገብ መቀመጥ ብቻውን ወረፋ አያስይዝም፤ ለአስተናጋጁ ወይም በፓርኩ የስልክ መተግበሪያ (አፕ) መድረሳችሁን ማሳወቅ አለባችሁ። ጥሪው ብዙ ጊዜ በስልክ መልእክት ስለሚመጣ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀርጽ የዋለውን ስልክ አታስመዝግቡ።

ስድስት ሰባት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ጥበቃው ይረዝማል፤ ትልልቅ ጠረጴዛዎች ጥቂት ናቸው። «ለሁለት ተከፍለን እንቀመጣለን» በሉ። ልጆቹ ያኮርፉ ይሆናል፣ ግን ይበላሉ።

ውስጥ ባዶ ጠረጴዛ እያያችሁ አላስገባ አሏችሁ። የሚያናድደው ይሄ ነው። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጥረት ነው፤ አስተናጋጅ ወይም አብሳይ ሲያንስ ቤቱ እያወቀ ቀስ ብሎ ያስገባል። ሁሉንም ባንዴ ቢያስገባ ጥበቃው ከበር ወደ ጠረጴዛ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ አይሠራም። ባር ላይ መብላት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንድ ቤቶች ሙሉውን ሜኑ እዚያም ያቀርባሉ።

አፑ ላይ ምንም ክፍት ሰዓት የለም። ዲዝኒ ወርልድ ከ60 ቀን በፊት ማስያዝ ይፈቅዳል። በራሱ ሆቴሎች የሚያርፉ ደግሞ ከመግቢያቸው 60 ቀን ሲቀር እስከ 10 ቀን የሚሆን ቆይታቸውን ባንዴ ያስይዛሉ። ስለዚህ ታዋቂዎቹ ቤቶች ቶሎ ያልቃሉ። ተስፋ ግን አትቁረጡ። ከሰዓቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ያልሰረዘ ሰው በነፍስ ወከፍ 10 ዶላር ሊቀጣ ስለሚችል፣ ሐሳቡን የቀየረ ሁሉ ከዚያ በፊት ይለቃል። በዕለቱ ጠዋትና መብላት ከምትፈልጉበት ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ደጋግማችሁ ክፈቱት። ለአራት ካጣችሁ ለሁለት ለሁለት ፈልጉ።

በአፑ አዝዛችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ምግቡ አልመጣም። ምናልባት አፑ ላይ «ደርሻለሁ» የሚለውን ቁልፍ አልነካችሁም። ብዙ ቦታ ወጥ ቤቱ መሥራት የሚጀምረው ያ ሲነካ ነው፤ ሌላው የመረጣችሁት ሰዓት ገና አለመድረሱ ነው። እኩለ ቀን ላይ የምሳ ሰዓቶቹ ቶሎ ስለሚያዙ፣ የምትፈልጉትን ሰዓት ጠዋት ገና ፓርኩ ስትገቡ ያዙት።