የድሮ የቤት ስልክ እጀታን ለሞባይል ማነጋገሪያ ማድረግ

ከባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ወይም ከቤተሰብ ቁም ሣጥን ያረጀ የቤት ስልክ ያገኘ ሰው እጀታውን ለሞባይሉ ማነጋገሪያ ሊያደርገው ይችላል። ስልኩ አሁንም የሚሠራ ከሆነ ግን ባይነካ እመርጣለሁ።

የሥራው ዋና ጉዳይ ማይኩ ነው። የድሮው ማይክ በውስጡ የካርቦን ፍርፋሪ የያዘ ሲሆን፣ ድምፅ ፍርፋሪውን በተጫነው መጠን የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለዚህም ከስልክ መስመር የሚመጣ ጠንከር ያለ ፍሰት ይፈልጋል። ሞባይል የሚሰጠው ፍሰት እጅግ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ፣ የካርቦኑ ማይክ መቋቋም ዝቅተኛ ስለሆነ ሞባይሉ የጥሪ መመለሻ ቁልፍ እንደተጫነ ሊቆጥረው ይችላል። በጣና ዳር የክረምት እርጥበት ለዓመታት የተቀመጠ ፍርፋሪ ደግሞ ተጋግሮ ሊገኝ ስለሚችል፣ እርሱን ለማዳን መድከም አያዋጣም።

የሚያስፈልገው ማይክ ያለው ርካሽ ኢርፎን፣ መበየጃ ከነሊዱ፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ጥቂት ጥጥ ነው። ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ማስገቢያ ለሌለው ሞባይል የታይፕ ሲ ኢርፎን ይገዛል።

እጀታው ከስልኩ ከተነቀለ በኋላ ሁለቱ ክዳኖች ወደ ግራ እየተጠመዘዙ ይፈታሉ። የጥንቶቹ እጀታዎች የተሠሩበት ባክላይት የተባለ ደረቅ ፕላስቲክ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ፣ እምቢ ያለውን ክዳን በጉጠት ከማስጨነቅ ይልቅ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥቂት መታገስ ይሻላል።

የካርቦኑ ማይክ ከወጣ በኋላ የኢርፎኑ ገመድ በድሮው ገመድ ቀዳዳ ይገባና እንዳይሳብ ውስጥ ላይ ይቋጠራል። ማይኩ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ወጥቶ፣ ሽቦዎቹ ሳይነኩ፣ ከአፍ በኩል ባሉት ቀዳዳዎች ትይዩ ይቀመጣል፤ እንዲህ ሲሆን የማይኩን አወንታዊና አሉታዊ ጫፍ መለየት አያስፈልግም። ከዚያ የአንደኛው ጆሮ ማዳመጫ ተቆርጦ ሁለቱ ሽቦዎች ከድሮው ማዳመጫ ጋር ይበየዳሉ። ሽቦዎቹ በቫርኒሽ የተለበጡ በመሆናቸው ጫፋቸው በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ሊድ አይዛቸውም፤ መያያዛቸውንም በቴስተር ማረጋገጥ ይገባል። የሌላኛው ጆሮ ማዳመጫም ተቆርጦ ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ ለየብቻ በፕላስተር ይሸፈናሉ። የድሮው ማዳመጫ ድምፅ ከደከመ የኢርፎኑን ማዳመጫ ራሱን በቦታው መተካት ነው፤ ከውጭ ማንም አያውቀውም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የእጀታውን ሆድ ነው። ባዶ ስለሆነ ከማዳመጫው የሚወጣው ድምፅ ወደ ማይኩ ዞሮ በወዲያኛው ተነጋጋሪ ጆሮ ያስተጋባል፤ ስለዚህ በባዘቶ ጥጥ ይሞላል። በሐይቁ ዳር ቆሞ ለሚያወራ ሰው ደግሞ ከማይኩ ፊት የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ የነፋሱን ጩኸት ይቀንሳል። ክዳኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት በሞባይሉ መቅጃ የራስን ድምፅ ቀድቶ መስማት፣ ቀጥሎም ለአንድ ወዳጅ ደውሎ ማስተጋባት መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካለ ጥጥ ይጨመራል።